ያልተነሳው አውራ ጣት

ከአልጋዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰውዬ ተለጥፏል። የለጠፈችው የልጅ ልጄ ናት። ሥዕል ነው፤ ግን ዓይን አለው። ቆዳ ሳይኖረው ዓይን አለው፣ ጥርስም አለው፤ ጠዋት ስነቃ እሱ ቀድሞኝ ነቅቶ ያየኛል። ሥጋው ቀይ፣ ጅማቱ ነጭ፤ ከእያንዳንዱ ሥጋ ላይ ቀጭን መስመር ወጥቶ ጫፉ ላይ ስም ተጽፎበታል። ልኳንዳ ቤት እንኳ ሥጋ ሲሰቅሉ ጭንቅላቱን ቆርጠው ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቁርሴን ጀርባዬን ሰጥቼው በላሁ።

"ልጄ፣ ይህን ነገር ወዲያ አንሺልኝ፤ ይቀፈኛል።"

"እማዬ፣ ፈተና አለብኝ። ሁሉንም ጡንቻ ከነስሙ ማወቅ አለብኝ።"

"ለማን ብለሽ?"

"ለአሰልጣኝነት ነዋ! ጂም ውስጥ ሰው ላሠራ አይደለ?"

እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እማዬ የምትለኝም ለዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይሳካላት ቀረና ይህን አጭር ሥልጠና ጀመረች። ሥራ ከተገኘበት ብዬ ዝም አልኩ። ስተኛ ሰውዬውን ነጠላዬን አለብሰዋለሁ፤ ጠዋት እሷ ትገልጠዋለች። እንዲህ ስንሸፍንና ስንገልጥ ከረምን።

ይህን የምጽፈው እሷ ጀምራ በተወችው ደብተር ላይ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሕፃን አዝዬ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ መንገድ ቢስት እንደ እግሬ ቁጠሩት፤ እግሬም መንገድ ይስታል። ቤቴ ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያ ጀርባ ነው። ከዚያ ገበያ ለመድረስ ለሰው ትንሽ ጊዜ ይበቃዋል፤ እኔ ግን በጉዱማሌ መናፈሻ ዞሬ፣ ሐይቁን አይቼ፣ በባህል አዳራሽ በኩል ተመልሼ ነው የምደርሰው። ጎረቤቶቼ "መዞር ትወዳለች" ይላሉ። ለምን እንደምዞር ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ሥራዬ ወጌሻነት ነው። ከእናቴ ተማርኩ፣ እናቴም ከእናቷ። እኔ ባደግኩበት ገጠር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ቀኑን ሙሉ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ የሚፋቀውን በተረከዛቸው ከጣውላው ጋር አጣብቀው ነው የሚውሉት። ሲመሻሽ ዳሌያቸው ይቆልፋል። እናቴ በየቤቱ እየዞረች የተቆለፈ ዳሌ ትፈታ ነበር። ሐዋሳ ከመጣሁ ወዲህ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሌላ ነው፤ ከባጃጅ የወደቀ፣ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘ፣ የዱቄት ጆንያ ሲያወርድ ትከሻው የወለቀ። ቅቤ አሞቃለሁ፣ አሻለሁ፣ እስባለሁ። ያልገባኝ ሲሆን "ሥር ዞሮብሃል" እላለሁ። ሥር ዞሮብሃል የተባለ ሰው ደስ ይለዋል፤ የበሽታውን ስም አወቀ ማለት ነዋ።

የልጅ ልጄ ታዲያ በእኔ ገላ ላይ ታጠና ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ትሰበስብና ባቴን ጨብጣ ትቀመጣለች።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ባት።"

"ሁለት ናቸው እማዬ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥሩ ተኝቷል። ሁለቱም ተያይዘው ቋንጃ ይሆኑና ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ። ይህስ?"

"የጉልበት ሎሚ። እሱን እንኳ ለእኔ አታስተምሪኝም። ደግሞ እጅሽ ቀዝቃዛ ነው።"

አንድ ቀን "ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም" አለችኝ። ሳቅኩባት። በር የሚገፋ ሰው ምን ሊሆን ነው? በሩ ጋ ወስዳ አስገፋችኝና በሌላ እጄ የክንዴን ጀርባ አስያዘችኝ። እውነትም ከኋላ በኩል ይሳባል፤ ክንዴን የሚዘረጋው የኋላው ሥጋ ሲያጥር ነው። ይህን ያህል ዘመን እጄን ጭኜበት አላውቅም ነበር። ትንሽ ተናደድኩ፣ ትንሽም ኮራሁባት።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ አከርካሪ ነገረችኝ። በአጥንቶቹ መሃል መሃል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ አለች።

"ትራሱ ከምንድን ነው?"

"ዳሩ ጠንካራ ነው። መሃሉ ግን ዝልግልግ ነው፤ እንደ... እንደ ወፍራም ንፍጥ።"

"ኡፍ!"

"ስሚኝ እንጂ። ጀርባሽን አጉብጠሽ ከባድ ነገር ስታነሺ ትራሱ ከፊት ይጨፈለቅና ዝልግልጉ ወደ ኋላ ይገፋል። ከኋላው ደግሞ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ አለ። ከተጫነው..."

ምሳዬን እየበላሁ ነበር። የምበላው ደግሞ የቡላ ገንፎ ነበር። ሳህኑን ገፋሁት። እኔ ቡላ ያደግኩበት ምግብ ነው፤ እስከዛሬ ግን ነጭነቱንና ዝልግልግነቱን ባየሁ ቁጥር የሰው አከርካሪ ትዝ እያለኝ ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ። የልጅ ልጄ ትምህርት ከነጠቀኝ ነገር አንዱ ይህ ነው።

ጂሙን በዓይኔ ያየሁት መጽሐፏን ረስታ የሄደች ቀን ነው። እኔ እንደሆንኩ መውጫ ሰበብ አላጣም፤ ይዤላት ሄድኩ። ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው መሃል ስደርስ ሽታው መጥቶ ተቀበለኝ፤ ያልታጠበ ካልሲ፣ የሞቀ ጎማ፣ በዚያ ላይ የተረጨ ሽቶ። ሽቶው ባይኖር ይሻል ነበር። ውስጡ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። አንድ ጎረምሳ መስታወቱ ፊት ቆሞ ክንዱን አጥፎ ሥጋውን ያያል፤ እንደ ሙሽራ ያየዋል። ሌላው ከአግዳሚው ላይ ተነሳ፤ የጀርባው ላብ ቆዳው ላይ ኩሬ ሠርቶ ቀረ። ሳይጠርገው ሄደ፣ ቀጥሎ የመጣው እዚያው ላይ ተኛበት። እኔ የሰው መግልና ቁስል ያየሁ ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ፊቴን አዞርኩ።

ዋናው አሰልጣኝ ጥሬ እንቁላል ፕላስቲክ ውስጥ ሰብሮ፣ ዱቄት ጨምሮ፣ በጠበጠና ሰው ሁሉ እያየው ጨለጠው። ጺሙ ላይ አረፋ ቀረ። በዚያው አረፋ አናገረኝ።

"ማዘር! መጡ? እርስዎንም እናስተካክልዎት እንዴ?"

"ምኔ ጎደለና?"

"ትንሽ ጡንቻ!"

"የእኔ በቂ ነው፤ አንተ ጺምህን ጥረግ" አልኩት። ጎረምሶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። የሚብሰውም ይኸው ነው።

ወዲያው አንዲት ሴት ብረት ፊት ቆማ አየሁና አወቅኳት፤ ገበያ ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ሐኪም ስኳር ጀማምሮሻል፣ ተንቀሳቀሺ ብሏት ነበር የገባችው። ለጌጥ አይደለም፣ ፈርታ ነው። ያኔ ገና አራተኛ ቀኗ ነበር። የልጅ ልጄ ደግሞ መጀመሪያ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከዚያ በቀላል ክብደት አነሳሱን ማስተማር፣ ክብደት መጨመር ከዚያ በኋላ እያለች ቤት ውስጥ ስታነበንብልኝ ኖራለች። ሰውዬው ግን ሴትዮዋን ከደረጃ እንደወጣች፣ ትንፋሿ እንኳ ሳይመለስ፣ በብረቱ ጫፍና ጫፍ ጎማ የመሰለውን ክብደት ጨምሮ "አንሺ!" አላት።

አጎነበሰች። ጀርባዋ እንደ ቀስት ጎበጠ። ብረቱ ከእግሯ ርቆ ነው የቆመው። እናቴ የውኃ እንስራ ስታሸክመኝ "ሸክም ከሆድሽ ከራቀ እጥፍ ይሆንብሻል፤ አቅፈሽ ተነሺ" ትለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ የማውቀውን ነገር ይህ ሁሉ መስታወት ያለበት ቤት አላወቀውም። ሴትዮዋ ቃተተች።

"ቻይ! ቻይ! አሁን ነው ስቡ የሚለቀው! አንድ ጊዜ ድገሚ!"

የልጅ ልጄ ግድግዳው ጋ ቆማ ነበር። አፏ ተከፈተ፤ አየኋት። ከዚያ ተዘጋ። መጽሐፉን ሰጠኋትና ወረድኩ። እኔም አልተናገርኩም። የሰው ቤት ነው አልኩ ለራሴ፤ የሚገርም ነው፣ ሰው ክፉ ነገር አይቶ ዝም ሲል የሚያመጣው ምክንያት ሁልጊዜ ጨዋነት ይመስላል።

ቤት ስትመጣ ጠየቅኳት።

"ልክ አልነበረም አይደል?"

"አልነበረም።"

"ታዲያ?"

"እማዬ፣ የልምምድ ወረቀቴን የሚፈርመው እሱ ነው። ካልፈረመ ፈተናው ላይ አልቀመጥም።" ካልሲዋን እያወለቀች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። "ደግሞ ብዙ ሰው እንደዚያ ሠርቶ ምንም አይሆንም።"

"አንቺ የምታጠኚው ታዲያ ምንም ለማይሆነው ነው?"

ካልሲዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አስጠላችኝ። የራስ ልጅ ሲያስጠላ ከጂሙ ሽታ ይብሳል፤ ከዚህኛው በደረጃ ወርዳችሁ አትሸሹም።

ሳምንትም አልሞላ፣ አንድ ጠዋት በሬ ላይ ባጃጅ ቆመ። የመጋረጃዋ ነጋዴ ናት። ሹፌሩ በብብቷ ገብቶ ደግፎ አስገባት፤ ግማሽ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እግሯን እየጎተተች።

"እማማ፣ ይድረሱልኝ! ወገቤ ተቆረጠ!"

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ብረቱን ሳነሳ ጧ አለ። አሰልጣኙን ብነግረው ሰውነትሽ እየለመደ ነው፣ ነገ ነይ አለኝ።"

"ሄድሽ?"

"ከፍዬበት!" አለች እያለቀሰች፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆና ራሷ ሳቀች። "ሄድኩ እማማ። ሞኝ ነኝ። አሁን ይሳቡልኝ። በእርስዎ እጅ ነው የማምነው።"

"ሥር ዞሮብሻል" አልኳት። ከአፌ እንደ ሰላምታ ነው የሚወጣው። አልጋዬ ላይ በሆዷ አስተኛኋት፤ የአልጋውን እንጨት ያዥ አልኳት። ቅቤውን ከሰሉ ላይ አደረግኩ። እጄን ሳሽ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው። የምሠራውን አውቃለሁ፤ ታፋና ወገቧን አሽቼ፣ ቁርጭምጭሚቷን ይዤ፣ ተረከዜን ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተክዬ፣ ባንድ ጊዜ መሳብ። ቋ ሲል "ገባ" እላለሁ። ቆዳ የሌለው ሰውዬ ከግድግዳው ላይ ያየናል።

እግሯን እንደያዝኩ የልጅ ልጄ ከጓዳ ወጣች።

"እማዬ፣ ቆይ! እንዳትስቢያት!"

"ምን ሆነሻል?"

መልስ ሳትሰጠኝ አልጋው ግርጌ ተንበረከከች። ሴትዮዋን "እህቴ፣ እግርሽ ይደነዝዛል?" አለቻት።

"ከትናንት ጀምሮ የቀኝ እግሬ የሌላ ሰው ነው።"

"ሽንትሽስ? አያስቸግርሽም?"

"እሱ ደህና ነው።"

"እሺ። ቀስ ብለሽ በጎንሽ ዙሪና የሁለቱንም እግሮችሽን አውራ ጣት ወደ ራስሽ ሳቢ።"

የግራው ተነሳ። ጥፍሩ ላይ የተላላጠ ቀይ ቀለም ነበረበት። የቀኙ እንደተጋደመ ቀረ። ቀዩ ጥፍር ዝም ብሎ ተኝቷል።

"አነሳሁት" አለች ሴትዮዋ፣ ፊቷ ትራሱ ውስጥ እንዳለ። "አነሳሁት አይደል?"

 ቅቤው ከሰሉ ላይ ይንጫጫል።

እዚህ ላይ ነው ለምን እንደምዞር የምነግራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጎልማሳ ወገቤን ብሎ መጣ። ልባሽ ጫማ ይሸጣል፤ ማዳበሪያ ሙሉ ጫማ ከመኪና ሲያወርድ ነው የተያዘው። እንዲሁ በሆዱ አስተኛሁት፤ እንዲሁ እንጨቱን ያዝ አልኩት፤ ሥር ዞሮብሃል አልኩት። ስስበው ጮኸ። "ቻል ልጄ፣ ቻል፣ አሁን ነው የሚገባው" እያልኩ ደግሜ ሳብኩት። ቋ አለ። ላብ በላብ ሆኖ ተነሳ፤ "ሕመሙ ሄደ!" ብሎ እጄን ሳመ። በማግስቱ ግን የግራ እግሩ ጣት ወደ ላይ አልነሳ አለው። እስከዛሬ አልተነሳም። ሲራመድ እግሩ ከፊት ይወድቅና የጫማው አፍንጫ መሬቱን ይፍቃል፤ ክርር፣ ክርር።

እሱ ግን ያዳነችኝ እሷ ናት ብሎ ያምናል። እግሩ ከበሽታው ነው፣ ወገቡ ከእኔ ነው ይላል። ባገኘኝ ቁጥር ገበያ መሃል ድምፁን ከፍ አድርጎ "እነዚያን እጆች እግዚአብሔር ይባርካቸው!" ይለኛል። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ምርቃቱ ነው ያቃተኝ፤ እንደበሰበሰ ነገር አፌ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ከቤቴ ገበያ ያለውን አጭሩን መንገድ ትቼ በጉዱማሌ የምዞረው። ጫማውን ዘርግቶ የሚቀመጠው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ላሳደግኳት ልጅ እንኳ።

ሴትዮዋ ከትራሱ ቀና ብላ "ምን ቆማችሁ? እማማ፣ በሞቴ ይሳቡኝ፣ እችላለሁ፣ አልጮህም" አለች።

አልጮህም። ያ አሰልጣኝ "ቻይ" ሲላት ችላ እኮ ነው እዚህ የደረሰችው። አሁን ደግሞ ለእኔ ልትችልልኝ ነው። እጄን አየሁት፤ እስከ አንጓዬ ቅቤ ነው፣ ያብለጨልጫል። የራሴን እጅ እንደዚያ ተጸይፌው አላውቅም።

"አልስብሽም።"

"ለምን?"

ነገርኳት። ጫማ ሻጩን፣ መጮኹን፣ ደግሜ መሳቤን፣ በነጋታው የሆነውን፣ ምርቃቱን። ስናገር የልጅ ልጄን አላየኋትም፤ ከሰሉን ነው የማየው። ስጨርስ ነጋዴዋ "እኔ ዛሬ ባልደርስ ኖሮ ይህን ለመቃብር ሊነግሩት ነበር?" አለችኝ።

እንደዚያ ነበር። አዎ አልኳት።

የልጅ ልጄም ተናገረች። "እኔም እያየሁሽ ነበር። ብረቱን ስታነሺ ጀርባሽ መጉበጡን አይቻለሁ። ልክ እንዳልሆነም አውቅ ነበር። ወረቀቴን የሚፈርመው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። "ጥሩ ቤት ነው የመጣሁት" አለች። "በሉ፣ ባጃጁን ጥሩልኝ።"

እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩ። ቅቤ በቀላሉ አይለቅም። የልጅ ልጄ አብራት ሆስፒታል ሄደች፤ ስትወጣ እንዴት እንደምትይዛት አየሁ፤ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ከጎኗ አስጠግታ፣ እርምጃዋን ከእርምጃዋ አስተካክላ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ስንት ቀን፣ ምን እንዳነሳች፣ ማን እንዳሠራት ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችው። ምስል ተነሳች። እንደተባለው ዝልግልጉ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። በቶሎ መምጣቷ ጥሩ ነው፣ እግሩ ግን መመለሱን ጊዜ ነው የሚነግረን አሉ። ዕረፍትና መድኃኒት፣ ከዚያ በሐኪም እጅ የሚሠራ እንቅስቃሴ አዘዙላት።

በማግስቱ የልጅ ልጄ ጂም ሄዳ የሴትዮዋ ጉዳት ከእሱ አሠራር መሆኑን ለአሰልጣኙ በሰው ፊት ነገረችው። እሱ አልተቆጣም። ወረቀቷን ሳይፈርም አጥፎ መለሰላት፣ "አንቺ ገና ብዙ ይቀርሻል" አላት፤ በቃ። ከዚያ ወሬ ማስወራት ጀመረ። ሰዎች ነጋዴዋ ምን ሆነች ብለው ሲጠይቁት "እኛ ጋ ደህና ነበረች፤ አንዲት ወጌሻ ጎትታ ሰበረቻት" ይላል። እኔ ዘንድ እንኳ ሙዝ ገዝቶ መጣ። በሬ ላይ ቆሞ፣ በታጠበ ጺሙ ፈገግ ብሎ፦

"ማዘር፣ እኔ ለእርስዎ አስቤ ነው። እርጅና ነው፣ ማንም አይፈርድብዎትም። ዝም ቢሉ ወሬው ራሱ ይሞታል።"

"እኔ አልነካኋትም።"

"ሰው ግን ወጌሻ ይነካል ብሎ ነው የሚያምነው።"

ሙዙን መለስኩለት። እሱ ከሄደ በኋላ ደጃፉን በውኃ አጠብኩት፤ የቆመበትን። ነጋዴዋ ከአልጋዋ ላይ ሆና "አልነካችኝም!" ብላ ለጠየቃት ሁሉ ተናግራልኛለች፤ እግዜር ይስጣት። እኔ ግን እንደ ተበደለ ሰው ልቤ ሞልቶ መቆጣት አልቻልኩም። ጎትታ ሰበረች የሚለው ቃል ሐሰት ነው፤ በእሷ ላይ ሐሰት ነው። ቁጣዬ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣና ያ ክርር ክርር የሚል ጫማ ይመልሰዋል።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ነጋዴዋ ወደ ሱቋ መመለሷን ሰምቼ ሄድኩ፤ እንደ ልማዴ ዞሬ። ከጥቅል መጋረጃዎች ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንዳየችኝ ጫማዋን አወለቀች።

"ይዩልኝ!"

ቀዩ ቀለም ጨርሶ ረግፎ ነበር። እግሯ ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ጫማ ውስጥ የዋለ እግር ነው፤ ሽታውን አልደብቅም። አውራ ጣቷ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፣ ተነሳ። ወደቀ። እንደገና ተነሳ።

"አነሳሁት አይደል?"

"አነሳሽው" አልኳት።

ከዚያ ሱቅ ስወጣ ቀጥታውን መንገድ ያዝኩ። እግሬ ሊጠመዘዝ ሁለቴ ፈለገ። ጫማ ሻጩ ሸራው ላይ ልባሽ ጫማ እያጣመረ ነበር፤ ገና ከሩቅ አየኝና ተነሳ፤ ክርር፣ ክርር።

"እማማ! ጠፉ እኮ! እነዚያን እጆች እግዚአብሔር..."

"አትባርካቸው" አልኩት። "ቁጭ በል፣ የምነግርህ አለኝ።"

ተቀመጠ። እኔም ከሸራው ጠርዝ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ያስተማረችኝን በራሴ ቋንቋ ነገርኩት፤ ስለ ትራሱ፣ ስለ ነርቩ፣ እንደዚያ ያለ ወገብ እንደማይጎተት። ሕመሙ በአንዴ የሄደው ድኖ ሳይሆን ነርቩ ሞቶ ሊሆን እንደሚችል። እኔ ባልጎትተውም እግሩ እንደዚያ ሊሆን ይችል እንደነበር የልጅ ልጄ ብላኛለች፤ ያንንም ነገርኩት፤ ግን እሱን ስናገር ድምፄ አነሰ፣ ማምለጫ መሰለኝ።

አንድ የሴት ጫማ በእጁ ይዞ ነበር፤ ጥንዱን አላገኘም። እያገላበጠው ቆየ።

"እርስዎ ዘንድ ስመጣ" አለ በመጨረሻ፣ "ጣቴ ይነሳ ነበር?"

"አላየሁም። አልጠየቅኩህም። መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።"

"እኔም አላስታውስም።" ጫማውን አስቀመጠው። "ይህን ሁሉ ዓመት ስመርቅዎት ያውቁ ነበር?"

"እጠረጥር ነበር። ለዚህ ነው በዚህ መንገድ የማልመጣው።"

 አንዲት ልጅ መጥታ የስፖርት ጫማ ዋጋ ጠየቀችው፤ ነገራት፣ ተከራከረች፣ አልተስማሙም፣ ሄደች። እንደገና ወደ እኔ ዞረ።

"ታዲያ አሁን ምን ላድርግልዎ?" አለኝ።

 "ምንም" አልኩት። ለመነሳት ስሞክር ክንዱን ሰጠኝ፤ ያዝኩትና ተነሳሁ።

የልጅ ልጄ ሌላ ቦታ ልምምዱን ከመጀመሪያው ጀምራለች። ሰውዬውም ከግድግዳው አልወረደም፤ ነጠላ ማልበሱን ግን ትቻለሁ። አሁን ወገቤን ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር ቅቤውን ከማንሳቴ በፊት ጫማውን አስወልቄ ጣቱን ነው የማየው፤ ስንት ዓይነት እግር፣ ስንት ዓይነት ጥፍር፣ ምን ዓይነት ሽታ! አፍንጫዬን ይዤ አያለሁ። ካልተነሳለት አልነካውም፤ ባጃጅ እጠራለሁ።

ገበያም በቀጥታው መንገድ ነው የምሄደው። ጫማ ሻጩ ሰላም ይለኛል፣ ሰላም እለዋለሁ። እጄን አይመርቅም።